አፍንጫሽ ምን ይላል?

ዘይት ቤቱን የሚያውቅ ሁሉ «አፍንጮ» ነው የሚላት። አፍንጫዋ ትልቅ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ ፊቷ ላይ ተለክታ የተቀመጠች ትንሽ ነገር ናት። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። የሰሊጥ ጆንያ ሲፈታ ገና ከበር ላይ ሆና «ይሄ እርጥበት ነክቶታል» ካለች፣ ነክቶታል። አምጪው ነጋዴ ይምላል፣ ይገዘታል፤ ጆንያው ሲዘረገፍ ግን ሥሩ ሻግቶ ይገኛል። ዘይት በብርጭቆ ሲቀርብላት አንዴ ሳብ አድርጋ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ፀሐይ አግኝቶት እንደሆነ፣ ርካሽ ዘይት ተቀላቅሎበት እንደሆነ ትናገራለች። በዚህ ነገር ተከራክራ የተረታችበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም።

ያስተማራት አባቷ ነው። መጭመቂያውን በጎልማሳነቱ የተከለው እሱ ነው፤ በእጅ እየዞረ ይጨመቅ ከነበረበት ጊዜ አንስቶ ሞተር እስኪገባለት ድረስ ቤቱን ያቆመው በአፍንጫው ነበር። ስኳር በሽታ ጉልበቱን ሲበላው ሥራውን ለልጁ አስረከበና ከመጭመቂያው ጀርባ ባለችው፣ መስኮቷ ግቢውን በሚያሳይ ክፍል አልጋውን ዘረጋ። ልጅቱ አንድ ጊዜ አግብታ ነበር፣ አልሆነላትም፤ ተመልሳ አባቷ ዘንድ ከገባች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በቤቱ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። «ማሽን ይገዛል፤ አፍንጫ አይገዛም» ይላል ሽማግሌው ሰው በመጣ ቁጥር፣ ወደ እሷ በአገጩ እያመለከተ።

ድሮ ይህን ስትሰማ ፈገግ ትል ነበር። አሁን ፊቷን ወደ መጭመቂያው ታዞራለች። አፍንጮ ማሽተት ካቆመች ሁለት ሳምንት አልፏታል፤ ከራሷ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም።

ተራ ጉንፋን ነበር። ሦስት ቀን አስተኝቷት በአራተኛው ተነሳች፤ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራ ቤቱ ገባችና ጆንያ ፈታች። ምንም። እፍኝ ሰሊጥ ዘግና አፍንጫዋ ሥር አደረገች። ምንም። ከተጨመቀው ሰሊጥ የቀረውን የፋጉሎ ክምር፣ የሞተሩን ናፍጣ፣ የራሷን ሽርጥ ሳይቀር እየዞረች አሸተተች። ሁሉም ዕቃ ቦታው ላይ ነው፣ ሞተሩም እንደ ወትሮው ይጮኻል፤ እሷ ግን የማታውቀው ሰው ቤት የገባች መሰላት። «ንፍጡ ሙልጭ ብሎ ሲወጣ ይመለሳል» አለች ለራሷ። ንፍጡ ወጣ፤ ሽታው አልተመለሰም።

በማግስቱ ደንበኛቸው ሳሙና ሠሪዋ ከሌላ ቦታ የገዛችውን ዘይት በጠርሙስ ይዛ መጣች።

«እስቲ እይልኝ አፍንጮ፣ ሸውደውኝ እንደሆነ።»

ያኔ «እህቴ፣ ጉንፋን አፍኖኛል፤ ሌላ ቀን ነይ» ብትል ምን ነበረበት? ጉንፋን የማይዘው ማን አለ? እሷ ግን ጠርሙሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈን አደረገች፣ ጠብታውን በጣቶቿ መሀል አሽታ ምላሷን ካስነካች በኋላ «ደህና ነው» አለች። በግምት ነው። ግምቷም ልክ ሆነና ሳሙና ሠሪዋ ደስ ብሏት ሄደች። ያን ቀን ተሳስታ፣ ተሰድባ፣ ተዋርዳ ቢሆን ኖሮ በተሻላት። አንዴ ከዋሹ ወዲያ ነገሩ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ይሆናል።

ሳሙናው ግን ሳሙና ነው። ቢበላሽ ይጣላል። የፈራችው ለአባቷ እግር ነበር።

ሽማግሌው ከሁለት ወር በፊት አዲስ ጫማ አድርጎ ወጥቶ ነበር። ስኳር የበላው እግር ሕመም አይነግርም። ጫማው ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስታኝከው ውላ፣ ካልሲው ሲወልቅ ከትንሿ ጣት ሥር ሥጋው ተልጦ ተገኘ። ጤና ጣቢያ ሄዱ። የተቀበለቻቸው ነርስ ቀጠን ያለች፣ እጇ የፈጠነ፣ ቀልድም ቁጣም የማያንሳት ሴት ናት። ሐኪሙ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘ፤ ነርሷ ደግሞ ቁስሉ እንዴት እንደሚታጠብና እንደሚታሸግ ለልጅቱ አሳየቻት። በሳምንት አንድ ቀን ራሷ ልታየው፣ በሌላው ቀን ልጅቱ ልትይዘው ተስማሙ።

ቁስሉ እየጠበበ ሄደ። ዙሪያው ያለው ቆዳ ግን ደርቆ መሰነጣጠቅ ጀመረ። ዘይቱን ያነሳው ሽማግሌው ነው።

«ሲስተር፣ የኔ ቤት የሰሊጥ ዘይት ሞልቶ ሳለ እግሬ ዝናብ እንዳጣ መሬት ይሰንጠቅ? ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?»

ነርሷ ሐኪሙን አማክራ ተመለሰች። «ይሁን» አለች፤ ጣቷን ግን ቀሰረች። «ዙሪያው ላይ፣ ደረቁ ቆዳ ላይ ብቻ። ቁስሉ ውስጥ ጠብ እንዳይል። አዲስ የተጨመቀ ይሁን፣ በታጠበ እጅ። ይስሙኝ አባባ፤ ዘይቱ አጋዥ ነው እንጂ መድኃኒቱንና እጥበቱን አይተካም። ተክቶ ካገኘሁት ጠርሙሱን እዚሁ ነው የምደፋው።»

«የኔን ዘይት ደፍተሽማ በሰላም አትወጪም!» አለ ሽማግሌው፤ ሦስቱም ሳቁ።

ከዚያ ነርሷ ወደ ልጅቱ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ሽታውን ጠብቂ። ዘይቱ ቁስሉን የሸፈነውን ጎዝ ስለሚያቀልመው መግል ይሁን ዘይት በዓይን ላይለይሽ ይችላል። ትንሽ እንኳ ከሸተተሽ ነገን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን አምጪው። ሌላ ሰው ቢሆን ብዙ እለፈልፍ ነበር። አንቺማ ከኔም ቀድመሽ ታውቂያለሽ።»

ይህን ስትላት የአፍንጮ አፍንጫ ደህና ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን ሞተሩ ይቆማል። በዘይት ቤቱ ደንብ መጭመቂያው የሚሰጣት የመጀመሪያዋ ብርጭቆ ለሰው አትሆንም፤ የትናንቱን ዘር ትራፊ ይዛ ስለምትወጣ ለበር ማጠፊያ ትቀመጣለች። አፍንጮ ሁለተኛዋን አጥልላ፣ በተቀቀለ ብልቃጥ ይዛ ወደ አባቷ ትገባለች። እጇን ትታጠባለች፣ ፋሻውን ትፈታለች፣ ጎንበስ ብላ ሳብ ታደርጋለች።

«አፍንጫሽ ምን ይላል?» ይላታል።

«ደህና ነው ይላል።»

ይቺ በየቀኑ የሚባባሏት ነገር ናት። ይቺን ቃል ሳይሰማ አይተኛም።

ከጉንፋኑ ወዲህ በመጀመሪያው ቀን ጎንበስ ስትል ምንም አልመጣላትም። አየር ብቻ። ቀና ስትል የአባቷ ዓይን እሷ ላይ ተተክሎ ይጠብቃል። «ደህና ነው ይላል» አለች። ፊቱ ዘና ሲል አየች። ነገ እነግረዋለሁ ብላ ለራሷ ማለች። በአራተኛው ቀን ነርሷ አይታው «ቆንጆ ነው፣ በዚሁ ቀጥሉ» ስትል አፍንጮ እፎይ ብላ መናገሩን ተወችው። ነርሷ ለሥልጠና ስለምትሄድ ቀጣዩ ቀጠሮ ወደ አሥራ ሁለት ቀን ተገፋ። «እኔ ባልኖርም አንቺ አለሽ» ብላ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ይህን ያለው ሰው የአባቱን ቁስል ጠብቆ አያውቅም። የሷ እያደር ከበዳት። ሌሊት ትባንናለች። ጠዋት እንደተነሳች ሽንኩርት ከፍላ አፍንጫዋ ውስጥ ልትከተው እስክትደርስ ታስጠጋለች፤ ዓይኗ ያለቅሳል፣ አፍንጫዋ ዝም። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲቃረብ ሞተሩን ለማቆም ትዘገያለች። አባቷ ፊት ጎንበስ ብላ አየር ትስባለች፣ ያቺኑ ቃል ትናገራለች፣ ቶሎ ትወጣለች። «ንገሪው» ትላለች ለራሷ። «ነግረሽውስ? ይሄ ቤት በምን ይቆማል? ሽማግሌው በምን ይተኛል?» ብላ ደግሞ ራሷው ትመልሳለች።

ከዚያ ነገሮች መለዋወጥ ጀመሩ።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከአባቷ ጋር ዳማ የሚጫወት አንድ ጡረተኛ ፖስተኛ አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሸነፍ የኖረ፣ ግን ተስፋ የማይቆርጥ ሰው ነው። አንድ ቀን እያሸነፈ ሳለ ጠጠሩን ትቶ ብድግ አለ። «ራሴን አመመኝ» ብሎ ወጣ። ፖስተኛው የሚያሸንፈውን ጨዋታ ትቶ? አፍንጮ ገረማት። በማግስቱ አልመጣም።

በዚያው ቀን ሽማግሌው «መስኮቱን ክፈቺው፣ ሞቆኛል» አላት። ውጭ ነፋሱ የጆንያ ክምሩን ሸራ ያርገበግባል፤ ሰውየው ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ስቦ ነው ሞቆኛል የሚለው። ትኩሳት እንዳይሆን ብላ ግንባሩን ዳሰሰችው። ቀዝቃዛ ነው። መስኮቱን ከፈተችለት። በማግስቱም አስከፈታት። በሦስተኛው ቀን ገና ሳትገባ ራሱ ከፍቶት አገኘችው፤ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ተቀምጧል። ፋሻው ላይ ሁለት ዝንቦች አርፈዋል። እሽ ስትላቸው ተነስተው ተመልሰው እዚያው አረፉ።

«አፍንጫሽ ምን ይላል?» አለ፣ ሳይዞር።

ፋሻውን ፈታች። ጎዙ ቢጫ ነው። ትናንትም ቢጫ ነበር፤ ዘይት ነው ብላ ነበር። ጎንበስ አለች፣ ሳበች። ምንም። ዝንቦቹ ያወቁትን እሷ አላወቀችም።

«ደህና... ደህና ነው ይላል» አለች። «ቆይ፣ ንጹህ ጎዝ ላምጣ።»

የወጣችው ግን ቢጫውን ጎዝ በመቀስ ቆርጣ በእጇ ይዛ ነው። በዘይት ቤቱ አንድ አሮጌ ዘዴ አለ። ዘይት ውስጥ ውሃ ገብቷል ተብሎ ሲጠረጠር ካኪ ወረቀት ላይ ጠብ ይደረግና ሞቅ ያለው የሞተሩ ክዳን ላይ ይቀመጣል። የዘይት ምልክት አይደርቅም፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያነሱት እንደ መስታወት ያሳልፋል። ከዘይት ሌላ የሆነው ነገር ይደርቃል። አፍንጮ ይህን ዘዴ ንቃው ነበር የኖረችው፤ አፍንጫ ለሌላቸው ሰዎች ነው ትል ነበር።

ጎዙን ወረቀቱ ላይ ተጫነችው። ክዳኑ ላይ አድርጋ ቆመች። ሞተሩ ከቆመ ቆይቷል፣ ግን ሙቀቱ አልወጣም። ከግድግዳው ወዲያ አባቷ ያስላል። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቀች፤ ያን ያህል ረጅም ሩብ ሰዓት አይታ አታውቅም። ከዚያ ወረቀቱን አንስታ በበሩ ብርሃን አየችው። ዳር ዳሩን ቀጭን የዘይት ቀለበት አለ፣ ያሳልፋል። መሀሉ ግን አያሳልፍም። ደርቋል፤ ወደ አረንጓዴ የሚሄድ ቅርፊት ሠርቷል። በጥፍሯ ስትነካው ተሰባበረ።

ወረቀቱን አጠፈችው። ወደ ክፍሉ ተመለሰችና አልጋው አጠገብ ተንበረከከች።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«አፍንጫዬ አይሠራም። ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ደህና ነው ያልኩህ በሙሉ ውሸት ነው።»

እንዲጮህባት ጠበቀች። ቢረግማትም ትሸከመው ነበር። ሽማግሌው ግን ፊቱን ከመስኮቱ መልሶ አያት፤ የማያውቃትን ሰው የሚያይ ይመስል ነበር።

«ሦስት ቀን ሆነኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ከሸተተኝ።» ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ሸቶኛል ልጄ። በጣም ሸቶኛል። መስኮቱን የማስከፍትሽ ለምን መሰለሽ? ፖስተኛውስ ጨዋታ ጥሎ የሄደው? ግን አንቺ ጎንበስ ትዪና ደህና ነው ትያለሽ። የልጄ አፍንጫ አይሳሳትም፤ የኔ ነው ያረጀው፣ አልኩ። በየቀኑ ጠየቅሁሽ እኮ። በየቀኑ ደህና ነው አልሽኝ።»

ከተንበረከከችበት ተነሳች። ታክሲ ፍለጋ ሮጠች።

ሆስፒታል ሁለት ጣቶቹን ቆረጡ። ቀዶ ሐኪሙ የደከመ ሰው ነበር፤ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ነው የነገራት። «ሁለት ቀን ብትዘገዩ ኖሮ የምንነጋገረው ከቁርጭምጭሚት በላይ ስላለው ነበር። አሁን አትርፈነዋል። ግን እንደገና ከመረቀዘ ጣት ቆርጠን አንመለስም። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ።»

ነርሷ ከሥልጠናዋ ተመልሳ ወሬውን ስትሰማ መጣች። አፍንጮ ኮሪደሩ ላይ ያዘቻት።

«ዘይቱ ይሆን ሲስተር? ዘይቱ ተበላሽቶብኝ ይሆን?»

እውነቱን ለመናገር፣ አዎ ብትላት ደስ ባላት። ጥፋቱ የብልቃጥ ሆኖ በቀረ። ነርሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ዘይቱ አይደለም። ዘይቱማ ቆዳውን ደህና ይዞት ነበር። ያጠፋችሁት ሦስቱን ቀን ነው።» አልተቆጣችም፤ አለመቆጣቷ ባሰባት። ፖስተኛውም አንገቱን ደፍቶ መጣ። «ሸቶኝ ነበር» አለ። «ግን አንቺ ባለሽበት ቤት ሸተተ ብሎ መናገር ለቀባሪው ማርዳት መሰለኝ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤታቸው ገቡ። የአፍንጮ ማሽተት አልተመለሰም። የአፍንጫ ሐኪሙ «ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ዓመትም፤ ላይመለስም ይችላል» ብሏታል። በዚህ ጊዜ ለማንም አልደበቀችም። ለሳሙና ሠሪዋ ነገረች፣ ለነጋዴዎቹ ነገረች። ቤቱም አልፈረሰ። የሚሸተት ጠርሙስ ሲመጣ አሁን የሚገባው ወደ ጓዳ ነው፤ ሽማግሌው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ያሸታል፣ ይፈርዳል፣ ይሳደባል። ጡረታ ወጥቶ ወደ ሥራ የተጠራ ሰው ኩራት ታየበት።

ቁስሉም እንዲሁ ሆነ። ነርሷ ዘይቱን ለዙሪያው ቆዳ ዳግም ፈቅዳለች፤ ሽታውን የሚጠብቀው ግን እሱ ራሱ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን አፍንጮ የተፈታውን ጎዝ ታቀርብለታለች።

«አፍንጫህ ምን ይላል?»

«ደህና ነው ይላል።»

እሷ ግን ወረቀቷን አትተውም። ካኪውን በየቀኑ ሞተሩ ላይ ታደርቃለች። እስካሁን የወጣው ዘይት ብቻ ነው፤ ጥርት ብሎ ያሳልፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወር ሞላ።

ትናንት ነፋሻ ቀን ነበር። ጎዙን አቀረበችለት፤ አሸተተ። ከወትሮው ትንሽ ቆየ።

«አፍንጫህ ምን ይላል?»

«ደህና ነው ይላል።»

«በደንብ አሸተትከው?»

«አንቺ ልጅ! ዘይት ቤት ያቆመ አፍንጫ እኮ ነው!» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እግሩን ጠቀለለችው፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ሳበችለት፣ የውሃውን ሳህን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። ወረቀቱን ለማድረቅ ጎዙን በሌላ እጇ ይዛለች።

«ልጄ» አላት ከኋላዋ። «ያችን መስኮት ትንሽ ከፈት አድርጊያት። ሞቀኝ።»

ውጭ ሸራው ይርገበገባል። አፍንጮ ባለችበት ቆመች። ከዚያ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ወደ መስኮቱ አልሄደችም። ካልጋው ሥር የደህናውን እግር ጫማ አውጥታ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች። ሽማግሌው ግድግዳውን ያያል።

«አሁን የሚቆርጡት ጣት አይደለም» አለ።

«አውቃለሁ አባዬ» አለችና ጫማውን አጥልቃለት ማሰሪያውን ማሰር ጀመረች።